የወጋስ ለምን ይርሳ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል፤ ማብራሪያ አይፈልግም። በቅርቡ በጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ከተማ ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ስሰማው ግን ከነከነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስለ 2010 ዓ.ም. መፈናቀል ወሬ ተነሥቶ አንድ አዛውንት «ተዉ ልጆቼ፣ የዳነ ቁስል አትነካኩ» ቢሉ፣ አንድ ጎልማሳ «አባባ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ መለሰላቸው። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጥግ ይዘው የተቀመጡ፣ በ2009 ዓ.ም. ሱቃቸው የተቃጠለባቸው አንዲት እናት ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ጎልማሳው ለምን እንደዚያ እንዳለ አይጠፋኝም። ሚያዝያ 2010 ላይ፣ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ገና ወር ሳይሞላቸው፣ አገሩ በሙሉ ስለ ይቅርታና ስለ አዲስ ዘመን ሲያወራ፣ በአጎራባቹ ምዕራብ ጉጂ ዞን የሚኖሩ ጌዴኦዎች ከቀርጫና ከሌሎች ወረዳዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ዕርቅ ወረደ ተብሎ ብዙዎች ተመለሱ፤ ሰኔ ላይ ከመጀመሪያው በባሰ ሁኔታ እንደገና ተባረሩ። በጌዴኦ ዞን ብቻ ከ740 ሺህ በላይ ተፈናቃይ ተቆጠረ፤ በምዕራብ ጉጂም 200 ሺህ ያህል ሰው ከቀዬው ወጣ። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ በግጭት ምክንያት ብዙ ሰው ያፈናቀለች አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ያም ሆኖ የጌዴኦን ስም አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በደንብ የሰማው በመጋቢት 2011፣ ጌዴብ ወረዳ ጎቲቲ ላይ በምግብ እጥረት የከሱ ሕፃናትና እናቶች ፎቶ ሲወጣ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተፈናቃዮቹን የጎበኙትም በዚያው ሰሞን ነው። የጎቲቲ እናቶች ያን ሁሉ ወራት የደረሰባቸውን አልረሱም ነበር። የሚሰማቸው ነው ያጡት።

አባባሉ ልክ የሚሆንበት ቦታ መኖሩን አልክድም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ለባለርስት የሚሰጠውን የቡና ድርሻ አንሰጥም ብለው ሚጭሌ ላይ ተነሥተው ነበር። ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ተጋጥሞ ብዙ ሰው አለቀ። በአገር ታሪክ ውስጥ የባሌንና የጎጃምን ዐመፅ ያህል አይወራለትም፤ በጌዴኦ ግን ሚጭሌ ሲባል ያልሰማ የለም። እዚያ ላይ ወጊው ይታወቃል፣ ተወጊው ይታወቃል፤ አንዱ ረሳው፣ ሌላው አልረሳውም።

አባባሉ የሚጨንቀው ግን እኚያ እናት የተቀመጡበት ጥግ ላይ ሲደርስ ነው። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ ሱቅና ቤት ተቃጠለ፤ ሰው በማንነቱ ተለይቶ ተገደለ። ጥቃቱ የደረሰው ከሌላ አካባቢ መጥተው፣ ብዙዎቹም እዚሁ ተወልደው፣ በንግድ በሚተዳደሩ ሰዎች ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በሚያዝያ 2009 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በወቅቱ በነበረው ሁከት በአገሪቱ 669 ሰው መሞቱን ሲገልጽ፣ ከእነዚህ 34ቱ በጌዴኦ ዞን የሞቱ ናቸው። የኦሮሚያና የአማራው ቁጥር ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ 34ቱ ተጠቅሰው ታለፉ። ለእኛ ግን የጎረቤቶቻችን ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ የ2010ሩ መጣ። እንግዲህ ያው ዞን በ2009 ወጊዎች የወጡበት፣ በ2010 ተወጊ ሆነ። በዚህ መካከል ያለው ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። የ2010ሩን ስናወራ ቀበሌውን፣ የሸሸንበትን መንገድ፣ የተሰደድንበትን ሌሊት አንድ በአንድ እንቆጥራለን። የ2009ኙ ሲነሣ «ያኔ ግርግር ነበር» ብለን እንዘጋዋለን። አንድ ሰው በአንድ ደረቱ ውስጥ አንዱን ረስቶ ሌላውን ያስታውሳል። አባባሉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ እውነቱ አይካድም። ነገር ግን አይቶ ዝም ብሎታል። «የወጋ ቢረሳ» ሲል ለወጊው መርሳት ፈቃድ የሰጠው ይመስለኛል፤ የማስታወስን ሸክም በሙሉ ቁስሉ በሚያመው ሰው ትከሻ ላይ ጫነው። ተጎጂው ቁስሉንም ይሸከም፣ ታሪኩንም ይሸከም፣ ሲናገር ደግሞ «ቁስል አትነካካ» ይባል? ይህን አልቀበለውም። ማስታወስ በመጀመሪያ የወጊው ዕዳ መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ ትክክለኛም ነው። ሱቁን ያቃጠለው ሕዝቡ አይደለም፣ የተወሰኑ ሰዎች ናቸው። ከቀርጫ ያባረረውም የጉጂ ሕዝብ አይደለም። አባባሉ ስለ ሁለት ሰዎች የተነገረ ነው፤ እኛ ነን በሁለት ሕዝብ ላይ የጫንነው። የጌዴኦና የጉጂ አፈ ታሪክ የሁለቱ ሕዝቦች አባት የሚባሉትን ደራሶንና ጉጆን የአንድ አባት ልጆች ያደርጋቸዋል፤ ጋብቻውም ዛሬ ድረስ አለ። አባቱ ጉጂ፣ እናቱ ጌዴኦ የሆነ ልጅ በዚህ አባባል ፊት የቱ ጋ ይቁም? በግራ ትከሻው ወጊ፣ በቀኝ ትከሻው ተወጊ ሊሆን አይችልም። ወንጀሉን የሠራውን ሰው በስሙ ጠርቶ መጠየቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ከተማ የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በደጅህ የሆነውን ታስታውሳለህ ወይስ አታስታውስም? ይህን መመለስ ማንንም በደም አያስከስስም።

ለዚህ ደግሞ አፍ መከፈት አለበት። የ2009ኙ እሳት ሳይበርድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ዐሥር ወር ያህል ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ስለሆነው ነገር በግልጽ የሚናገርበት አደባባይ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል፤ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። ሁለቱም ያስፈልጉናል። በተግባር ግን ልዩነታቸው ይደባለቅብናል። «ሱቄን ያቃጠሉት እንትናና እንትና ናቸው» ያለ ሰው ምስክርነት ሰጠ እንጂ ጥላቻ አልነዛም። «እነዚያ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው» ያለው ነው መቆም ያለበት። የመጀመሪያው ሰው አፍ ሲዘጋ፣ ሁለተኛው ሜዳውን ለብቻው ይይዘዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማፈላለግን አንዱ ምሰሶ አድርጎታል። ያ ምሰሶ እስከ ዲላ ገበያ ይደርስ እንደሆነ የምናየው እኚያ እናት ሲጠየቁና ሲናገሩ ነው።

አፍ ከሚያዘጉ ነገሮች አንዱ፣ ብል ቅር የሚለው ይኖራል፣ የይቅርታ አጠቃቀማችን ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የተባለበት ቦታ ሁሉ ይቅርታ አለ ማለት አይደለም። የ2010ሩ ዕርቅ እስከ ሰኔ አልዘለቀም። የጌዴኦና የጉጂ አባቶች ጎንዶሮ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ከብት ታርዶ፣ ዳግም ላለመፋሰስ መሐላ የሚገባበት። ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በ1999ኙ ቆጠራ ከጌዴኦ ዞን ሕዝብ ከመቶ ሰባ የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነበር፤ ብዙ አማኞች ደግሞ ከእርዱም ከመሐላውም ይርቃሉ። የማይገኝበት ሰው በመሐላው አይታሰርም ማለት ነው።

ሙታንን በማሰብ ላይም እንለያያለን። ኦርቶዶክሱ አርባውን ያወጣል፣ ተዝካር ይደግሳል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል። ፕሮቴስታንቱ ለሞተ ሰው አይጸልይም፤ የቆመውን ያጽናናል። ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል። በዲላ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በ2009 የተጎዱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን ያለው ሕዝብ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው። ስለዚህ «በጋራ እንዘን» ስንል የአንዱን ጸሎት በሌላው ላይ እንዳንጭን እፈራለሁ፤ ጸሎቱን ሁሉ አውጥተን የባለሥልጣን ንግግር ብቻ እንዳናስቀርም እፈራለሁ። መቻቻል ማለት እኔ በማላምንበት መንገድ ሌላው ለሟቹ ሲያለቅስ አጠገቡ መቆም ከሆነ፣ ከዚህ የከበደ ፈተና አይገጥመንም። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርጉ ፓስተሩ ቆመው ይጠብቁ፤ ሼኹ ዱዓ ሲያደርጉ ቄሱ ይጠብቁ። እምነታቸውን አንዳቸውም አልለወጡም።

አዲስ አበባ በጣሊያን ወራሪ የተጨፈጨፉትን በየዓመቱ የካቲት 12 ታስባለች፤ ስድስት ኪሎ ሐውልት አለ። ያን ማሰብ የሚቀለን ወጊው ከባሕር ማዶ መጥቶ ስለሄደ ነው። የእኛ ወጊ ግን ገበያ ላይ ያገኘናል፣ አንዳንዱም በአንድ ማዕድ ይቆርሳል። ለ2009ኙና ለ2010ሩ ጥቃት በአገር ደረጃ የሚታሰብ ቀን የለም። ዲላ ላይ አንድ ቀን ቢቀጠር የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ቀኑ በ2010 አይጀምር። መድረኩን የሚከፍቱት አንድ የጌዴኦ አዛውንት ይሁኑ፤ የሚናገሩትም ቀርጫ ላይ ስለደረሰብን ሳይሆን፣ በመስከረም 2009 በዚህች ከተማ ስለተቃጠሉት ሱቆችና ስለሞቱት ሰዎች ይሁን። ሰዎቹ በስማቸው ይጠሩ፤ እኚያ እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይስሙ፣ ከፈለጉም ይናገሩ። በጉጂ በኩል አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ቀርጫ እንዲናገሩ መጠየቅ የምንችለው ከዚያ በኋላ ነው።