ብርሌ ውስጥ ያለ ባሕር

ኑ፣ አረፍ በሉ ልጆቼ፤ ቡናው እስኪፈላ ጨዋታ አለኝ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገሬ ሰው። የዛሬው ብርሌ የያዘው ግን ጠጅ አይደለም፤ ባሕር ነው።

ባሕር ማዶ የሚኖር የልጅ ልጅ አለኝ። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የጨው ውሃ ሞልቶ ኮራል ያረባል። በወጣትነቴ ምጽዋ በባሕር ኃይል ማገልገሌን ስለሚያውቅ ሰሞኑን ደወለልኝ። «አባባ፣ አላድግ አሉኝ» አለ። «ምን አደረግህላቸው?» አልሁት። በአንድ ሳምንት ውስጥ መብራቱን በኃይለኛ ቀይሯል፣ ምግቡን አብዝቷል፣ የካልሲየሙን መጠን በእጥፍ ጨምሯል። እንዲያ አድርጎም አንዱ ነጣ፣ አንዱ ተኮማተረ። ጥፋቱ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ እንዳያውቅ ሁሉንም አንድ ላይ ነካክቷቸዋል። «ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልሁትና ወሬያችን ረዘመ። ለእሱ ያልሁትን ለእናንተም ልበል፤ ለመስታወት ሣጥን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለምና።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው። የምጽዋ የጥንት ቤቶች የተሠሩት በኮራል ድንጋይ ነው። እጄን አሳርፌ ስዳብሰው ቀዳዳ ቀዳዳ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንዲት ፖሊፕ ጎጆ ነበረ። ፖሊፕ አፍ ያላት፣ በአፏም ዙሪያ ጣት መሳይ ነገር የከበባት ፍጡር ናት፤ ብዙዎቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ካልሲየምና ካርቦኔት ከውሃው እየለቀመች ከሥሯ አጥንት ታነጥፋለች፤ ጎረቤቷም እንዲሁ። ቅርንጫፍ የሚያወጣው ዓይነት ሲመቸው በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ቋጥኝ የሚመስለው ግን በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ብዙ ነው። እንግዲህ ሰባ ዓመት የኖረ ሽማግሌና ሰባ ዓመት የኖረ ቋጥኝ ኮራል ቢተያዩ፣ ኮራሉ የሽማግሌውን ወገብ እንኳ ላይደርስ ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለ መብራቱ ደግሞ ስሙ። በፖሊፕ ሥጋ ውስጥ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች ይኖራሉ። በብርሃን ምግብ ይሠሩና አብዛኛውን ለእሷ ይሰጣሉ፤ እሷም በፋንታዋ መጠለያና ፍግ ትሰጣቸዋለች። ብርሃኑ ድንገት ሲበረታ፣ ሙቀቱም ከልክ ሲያልፍ ግን አልጌዎቹን ታባርርና ነጥታ ትቀራለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ረኀብ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የዚሁ የአርሲ ነገር ነው። በ1960ዎቹ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያመጣ፣ ትራክተር ያየ ባለመሬት ጭሰኛውን እያስነሣ ማሳውን ጠቀለለ። እርሻው ለጊዜው አማረ፤ የተነሣው ሰው እንባ ግን የትም አልሄደም፤ ውሎ አድሮ የባለመሬቱን ሥርዓት ይዞት ወደቀ። የሚያበላህን ስታባርር የምትነጣው አንተው ነህ። ስለዚህ መብራት የሚጨመር ከሆነ በሳምንታት፣ ጥቂት በጥቂት ይሁን።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። ማዳበሪያ የበዛበት ስንዴ ምን እንደሚሆን እዚህ አሰላ ላይ ለማን ይነገራል? አገዳው ይመዘዝና ዝናብ ሲመታው ይጋሽባል። ሣጥኑ ውስጥም ምግብ ሲበዛ ፎስፌትና ናይትሬት ይከማቻል። ከዚያ አረንጓዴው ዝቃጭ ይወርሰዋል፤ ፎስፌቱም ሲበዛ ፖሊፕ አጥንት መሥራቷን ያውክባታል። ጨርሶ የታጠበ ውሃ ደግሞ ጦም ያሳድራታል። ስለዚህ ልጄን «ጎመን በጤና» አልሁት፤ ትንሽ ይድረሳት፣ ግን አይጓደልባት።

የውሃው ፍሰትም ልክ አለው። ፖሊፕ እግር የላትም፤ ምግቧንም እስትንፋሷንም የሚያመጣላት፣ ጉድፏንም የሚወስድላት የውሃው እንቅስቃሴ ነው። አውድማ ላይ ነፋስ ከጠፋ ገለባው ከፍሬው አይለይም፤ ሲያይል ደግሞ ፍሬውንም ይዞ ይሄዳል። ፓምፑ ፊት ለፊት የሚመታት ፖሊፕም ሥጋዋ ይላጣል። ጎረቤትም ይራቃት፤ ሌሊት ሌሊት የሚናደፉ ኮራሎች አሉ፤ ድንበር ያልተበጀለት ዘመድም ይጣላል።

ከሁሉ በላይ ግን ውሃው ይጽና። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ ጨዉ ከሺህ 35 እጅ፣ የካርቦኔቱ ልክ የሆነው አልካሊኒቲ 8 ወይም 9 ላይ ቢውል መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ 7 ነገ 11 ከሚል ውሃ፣ ሁልጊዜ 8 የሚል ውሃ ይሻላል። የሚለካውም ኮራሉ ከታመመ በኋላ አይደለም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ደግሞ ውሃው ሲተን ጨዉ አይተንም። የጎደለውን በንጹሕ ውሃ ካልመለስኸው የቀረው እየመረረ ይሄዳል።

ይኼን መረዳት ካቃታችሁ ባሕር ማዶ አትሂዱ፤ ቁልቁል ተመልከቱ። ከኛ ተራሮች የሚወርደው የከታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ አቢያታ ሐይቅ ይወርዳል። አቢያታ መውጫ የለውም። ለመስኖ ከላይ ሲቀዳ፣ ለሶዳ አሽም ከራሱ ሲሳብ ኖረ፤ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ፣ ዓሣ የሚበሉት ወፎችም ራቁ። መውጫ የሌለው ውሃ ያደረጉበትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ጭላሎ ተራራ ላይ ያራቆትነው አፈር፣ ማሳ ላይ ያፈሰስነው ማዳበሪያ ታጥቦ ሲሄድ ከዓይናችን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። የልጅ ልጄ ሣጥን መቶና ሁለት መቶ ሊትር ቢይዝ ነው፤ ጥፋቱን በሳምንት ያያል። እኛ ግን ሣጥናችን ሰፊ በመሆኑ ጥፋታችንን የሚያዩት ልጆቻችን ናቸው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው ለትልቁም ብርሌ ነው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ናት። ማንኛውንም ሕያው ነገር ስታሳድጉ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ። ማረስና መኮትኮት የሚችል እጅ ብዙ ነው፤ ማረፍ የሚችል እጅ ግን ጥቂት ነው።

ትናንት ማታ ልጁ መልሶ ደወለ። «አሁን ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ምንም አልነካሁም አባባ» አለኝ።

ያን ጊዜ መረቅሁት። በሉ፣ ቡናው ደርሷል፤ አንዳችሁ ስኒውን አቅርቡ።