ጫጩቱን ከማምጣትህ በፊት

ስማኝ ልጄ። ሞጣ ላይ ኩሬ ማስቆፈርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ከባሕር ዳር ልታመጣ ነው ሲሉኝ ግን ሳትነሳ ላገኝህ ፈለግሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

ዓሣ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ከውሃ ጋር ጣጣ የለውም አትበል። የቆሮሶ ደም በሊትር 9 ግራም ገደማ ጨው እንደገባበት ውሃ ነው፤ የጣና ውሃ ደግሞ ጨው የለውም ቢባል ይቀላል። ጨው ያለበት ውሃን ይስባል። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ክዳን ሥር ያለው ቀዩ ስንጥብ አየር እንዲቀበል ስስ ሆኖ ስለተፈጠረ፣ ሌት ተቀን ውሃ ይገባበታል፣ ጨውም ይሾልክበታል። ስለዚህ ቆሮሶ ውሃ እምብዛም አይጠጣም። የገባውን ኩላሊቱ በቀጭን ሽንት ያስወጣዋል፤ የሾለከውን ጨው ስንጥቡ ከውሃው ለቅሞ ይመልሳል። የቀይ ባሕር ዓሣ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ባሕሩ ውሃውን ይመጥጠዋል፣ እሱም ባሕሩን ጠጥቶ ጨውን በስንጥቡ ያስወጣል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ይሄን ዓሣ ያዩ ይመስለኛል።

ጫጩት በመረብ ሲንገላታ ይህ ሁሉ ይዛባበታል። ገላውን የሸፈነው ዝልግልጉ ነገር በደረቅ እጅ ይላጣል፣ ውሃውም በዚያ ይገባል። እጅህን አርጥበህ ያዝ። ጫጩቶቹ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ቀን ይጹሙ፤ ሆዱ የሞላ ዓሣ የመንገዱን ውሃ ያቆሽሻል። በ20 ሊትር የመንገድ ውሃ 100 ግራም ጨው አሟሟበት፤ የውሃው ጨው ወደ ደሙ ጨው ስለሚጠጋ ልፋቱ ይቀልለታል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? ይሄኛው ለዓሣው ነው። ደግሞ በጎ መስሎህ አታብዛው። ጨው የሚመረትበት የአፍዴራ ሐይቅ ዳር እንኳ ትናንሽ ዓሦች አሉ፣ እነሱ ግን የዚያው ተወላጅ ናቸው።

ሞጣ ስትደርስ ወዲያው አትድፋቸው። ጫጩቶቹ ያሉበትን ፌስታል እንዳለ ኩሬው ላይ አንሳፍፈው፤ ሙቀቱ ሲቀራረብ የኩሬውን ውሃ ጥቂት በጥቂቱ ቀላቅልበት።

አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ሞጣ ብርድ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ ማደጉ ይዘገያል፤ ብርዱ ከጠና ስንጥቡም ኩላሊቱም ይሰንፋሉ፣ ጨውና ውሃውን መቆጣጠር ያቅተዋል። የቢቸናው አጎትህ ወደ አባይ በሚወርደው ቆላ መሬት አለው። ሁለተኛ ኩሬ እዚያ እንድትቆፍር ልመነው፤ የሞጣውን ውሃ ግን በታኅሣሥ ማለዳ በቴርሞሜትር ለካውና ንገረኝ።