«አልታወቀም» የማይል መርማሪ

በቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ውስጥ ሰው ከተገደለበት ቅጽበት አንሥቶ ገዳዩ በካቴና እስኪወሰድ ድረስ፣ ማስታወቂያው ሳይቆጠር፣ አርባ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ነጭ ጋውን የለበሰች ቆንጆ ሴት ሰማያዊ መብራት ታበራለች፤ ከምንጣፉ ላይ አንዲት ፀጉር ታነሣለች፤ ኮምፒዩተሩ ጢጥ ይላል፤ የወንጀለኛው ፎቶግራፍ ከነአድራሻው ብቅ! አለቀ። ይህች ሴት አንድም ቀን «ናሙናው ተበላሽቷል፤ አልታወቀም» ብላ ወደ ቤቷ ስትሄድ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ከነዚህ ድራማዎች ስመ ጥሩው ሲ.ኤስ.አይ. በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያ አገር ዐቃብያነ ሕግ «ጁሪዎቹ በፊልም ያዩት ዓይነት ማስረጃ ካልቀረበልን እያሉ አስቸገሩን» ብለው ያማርሩ ጀመር፤ ነገሩም «የሲ.ኤስ.አይ. ውጤት» የሚል ስም ወጣለት። በእኛ አገር ፍርድ ቤት ጁሪ አይቀመጥም፤ ታዲያ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ጁሪ አለን ባይ ነኝ። የሚሰየመው በየግቢው ነው እንጂ።

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውለው የሚገቡ ልጆች በተከራዩበት አንድ ግቢ ውስጥ እኔም ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ይዤ ነበር። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሁላችንም የምንሰበሰበው የአከራያችን በረንዳ ላይ ካለው ቴሌቪዥን ፊት ነው። አንድ ምሽት ከሠራተኞቹ የአንዷ የዕቁብ ብር ከሻንጣዋ ጠፋ። «አቦ፣ አሻራ ይነሣ እንጂ!» አለ አንዱ። «ምን አሻራ ያስፈልጋል፣ ዓይኗን አታየውም እንዴ?» አለ ሌላው፤ ማለቱ አብራት የምታድረውን ልጅ ነው። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም መርማሪ ሆነ። ሌሊት ማን ወደ ውጭ ወጣ፣ ማን አላበው፣ የማን ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቷ «ኧረ በእመቤቴ!» ብላ ማለች፤ አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ፍራሿን ጠቅልላ ግቢውን ለቀቀች። ብሩን ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ልብ በሉ፣ እዚያ ግቢ ላቦራቶሪ አልመጣም። የመጣው የላቦራቶሪው ድፍረት ብቻ ነው። ደግሞስ አሻራ ቢነሣ ኖሮ ምን ይገኝ ነበር? የዚያችው ልጅ አሻራ! በአንዲት ጠባብ ክፍል አብራ የምታድር ሰው የጓደኛዋን ሻንጣ ሳትነካ አትውልም። አሻራ ማን እንደ ነካ ይናገር ይሆናል፤ መቼና ለምን እንደ ነካ ግን አይናገርም።

ይህ ፈጥኖ የመወሰን ጥማት ከቴሌቪዥን ጋር የገባ አይምሰላችሁ። አያቶቻችን ሌባ ሻይ ነበራቸው። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። አውጫጭኝም ነበር፤ ያገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪነገር ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እኛ የተማርን ነን ባዮች በሌባ ሻይ እንስቃለን። ግን ሌባ ሻይንና የቴሌቪዥኑን ላቦራቶሪ አስተያይቷቸው፦ ሁለቱም ትርዒት ናቸው፣ ሁለቱም ፈጣኖች ናቸው፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። ልጁ የሆነ ቤት ላይ መውደቁ አይቀርም።

እውነተኛው ሥራ እንዲህ አይደለም። አሰልቺ ነው፤ ደግሞም ክብሩ ከዚያ ላይ ነው። ደም የነካው እርጥብ ልብስ በፌስታል ታስሮ በድሬዳዋ ሙቀት ቢሰነብት ይሻግታል፤ በውስጡ ያለው ዲ.ኤን.ኤ.ም ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ቀጥሎ በወረቀት ከረጢት መክተት፣ ማን ከማን እንደ ተረከበው በየእጁ ማስፈረም ነው። ፊርማው አንድ ቦታ ከተቋረጠ ማስረጃው በፍርድ ቤት ይንገዳገዳል። ደም ሲያገኝ የሚያበራው ሉሚኖል የሚባለው ኬሚካል በረኪናም መዳብም ሲነካው ያበራል፤ ስለዚህ መብራቱ ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ዲ.ኤን.ኤ. ደግሞ ከናሙናው ተለይቶ ይወጣል፣ ይባዛል፣ በሃያ ገደማ ነጥቦች ላይ ይነበባል፤ በመጨረሻም የሚጻፈው «እሱ ነው» የሚል ሳይሆን የዕድል ስሌት ነው።

ባለ ብዙ ገንዘቦቹም ይስታሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. አንድ አሻራ የኦሬገን ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን ሁለት ሳምንት ያህል አሰረው። የስጳኝ ፖሊስ ግን አልተቀበለውም፤ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ ሆኖ ተገኘ። ጠበቃውን ያዳነው «እኛ እንዲህ አላየንም» ያለ ሌላ መርማሪ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ይኼ የሀብታም አገር ፍልስፍና ነው» አለኝ። «ለብዙ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን ለምርመራ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ሲጫን የኖረበት አገር ውስጥ ስለ ትዕግሥት ትሰብካለህ? ሟች ያለበት ሰው ምን ይብላ፣ ምን ይጠጣ?» ክርክሩ ቀላል አይደለም። የዘገየ መልስ ራሱ ጭካኔ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ላቦራቶሪ የሌለበት ምርመራ የሚደገፈው በተጠርጣሪው አፍ ነው፤ አፍ ደግሞ በዱላም ይከፈታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል ተቀባይነት የለውም ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ጓደኛዬ የሚፈልገው ፍጥነት ዋጋ አለው፤ የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም።

የትዕግሥቱን መራራነት መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አይተነዋል። ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ለቤተ ሰቦች ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጣቸው፤ ማንነትን መለየቱ እስከ ስድስት ወር እንደሚፈጅም ተነገራቸው። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባዶ የሬሳ ሣጥኖች ተሰልፈው ተለቀሰባቸው። እናት ከጉንጯ ናሙና ሰጥታ ትጠብቃለች። የማንንም አጥንት አንሥቶ «ይኸው ልጅሽ» ማለት ቀላል ነበር፤ እንባዋም ቶሎ ይታበስላት ነበር። ባለሙያዎቹ እንዲያ አላደረጉም። ውጤቱ የተነገረው ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በመስከረም 2012 ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በገዛ አገራቸው በወታደራዊ መንግሥት የጠፉ ሰዎችን ዐፅም ሲፈልጉ የኖሩ የአርጀንቲና ባለሙያዎች በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጥሪ መጥተው ኮተቤ ላይ የቀይ ሽብር የጅምላ መቃብር ከፍተው ነበር። አፈሩን የሚጠርጉት በብሩሽ ነው። ከዐፅሞቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ አገኙ። እንዴት እንደ ሞቱ ገመዱ ተናገረ። ማን እንደሆኑ ግን ገመድ አይናገርም፤ ለዚያ እናቶችና እኅቶች ተጠይቀዋል፦ ጥርሱ እንዴት ነበር፣ ልጅ ሆኖ እጁን ተሰብሮ ነበር ወይ፣ ያን ቀን ምን ለብሶ ወጣ? ከብዙ ዓመታት በኋላ ሹራብ ምን ቀለም እንደ ነበረ ማስታወስ! ስም የተገኘለት አለ። ስም ያልተገኘለትም አለ፤ የእሱ መዝገብ ላይ ቁጥር ተጽፏል።