ፓስፖርቱን የሰጠን ሰው አማና ሰጥቶናል

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

በዚህ ጽሑፍ ወቀሳ አለ። የመጀመሪያው ተወቃሽ ግን ጸሐፊው ነኝ።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ በምትገኘው በዘመሮ ከተማ የሚኖር አጎት አለኝ። ነዋሪው በአብዛኛው ክርስቲያን በሆነበት በዚያ አገር አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ፣ በግ እያረባና እየሸጠ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሐዘንና ደስታውን እየተካፈለ አርጅቷል። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀማትን ጥሪት ይዞ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ መጣና «ልጄ፣ ሳልሞት ካዕባን ልየው፤ የዑምራውን ነገር አንተ ጨርስልኝ» አለኝ። ፓስፖርቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ነበር የሰጠኝ።

እኔ የተማርኩ ነኝና ጉዳዩን በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። ፓስፖርቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለአንድ የጉዞ ወኪል ላክሁ። በድረ ገጽ ላይ የቀረበውን የትኬት ቅጽም ሞላሁ። ስልኩን፣ የልደት ቀኑን፣ የሚመገበውን ምግብ፣ የስኳር ሕመሙን ሳይቀር አንድ በአንድ ጻፍኩ። ከቅጹ ግርጌ «ተስማምቻለሁ» የሚል ነበር፤ ሳላነብ ነካሁት። ለመሆኑ የተስማማው ማን ነው? አጎቴ አልተጠየቀም፤ እኔም አላነበብኩም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ ስሙን ከነአያቱ ጠራ፤ የፓስፖርቱን ቁጥር ነገረው፤ የሚበርበትንም ቀን አልሳተም። «ሐጂ፣ የቪዛው ቀሪ ክፍያ ዛሬ ካልገባ ስምዎ ይሰረዛል» አለው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሌባ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል? አጎቴ ሦስት በጎች በርካሽ ሸጦ ገንዘቡን ላከ። ደዋዩም ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም። በኋላ ስናጣራ፣ ወኪሉ ዘንድ የሚሠራ አንድ ወጣት የተጓዦቹን ሁሉ ፓስፖርትና ትኬት ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለማጣራት እንዲያመች» ብሎ ለጥፎት ኖሯል።

አጎቴ ነገሩን ሲረዳ አልተቆጣም። «አንተ ልጅ፣ ወረቀቴን ለስንት ሰው አሳየኸው?» ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ከዲናችን አንጻር እንመልከተው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኑር ሙእሚኖች ባለቤቱን ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ወደ ሰው ቤት እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ተመለሱ ከተባሉም መመለሱ ለእነርሱ የጠራ መሆኑን ገልጿል። በሱረቱል ሑጁራትም የሰውን ነውር እየተከታተሉ መሰለልን እርም አድርጓል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፍል ቀዳዳ አጮልቆ ሲመለከት ተገኘ። እርሳቸውም ድርጊቱን አጥብቀው ካወገዙ በኋላ፣ ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተማሩ።

ልብ በሉ! የተጠበቀው ደፍ ብቻ አይደለም፤ ከደፉ ባሻገር የሚታየው ነገርም ነው። በዚያ ዘመን የሰው ገመና የሚቀመጠው በግድግዳ ውስጥ ነበር። ዛሬ ግን ገመናችን በጉዞ ቅጽ ላይ ይሰፍራል። ማን ከማን ጋር እንደሚጓዝ፣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያመው በዚያ ይነበባል። ግድግዳው ቢለወጥ የማስፈቀዱ ሕግ ይሻራልን? በፍጹም!

አንዳንድ ወንድሞች «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ይላሉ። አጎቴም የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። የተዘረፈው ነውር ስለነበረበት ሳይሆን፣ ስሙና የጉዞ ቀኑ በማይገባው ሰው እጅ ስለወደቀ ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አጭበርባሪዎች በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሚገኙ 40 ሆቴሎችን ሠራተኞች በስልክ አታልለው፣ በቡኪንግ ዶት ኮም በኩል ክፍል የያዙ ከ4,000 በላይ እንግዶችን መረጃ ወሰዱ። ድርጅቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ የነበረበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነበር፤ 22 ቀን በመዘግየቱ የኔዘርላንድ ባለሥልጣን የ475,000 ዩሮ ቅጣት ጣለበት። የእንግሊዙ አየር መንገድ ብሪቲሽ ኤርዌይስም በ2018 ከ400,000 በላይ ሰዎች መረጃ በመሰረቁ በ2020 የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጥሎበታል።

እኛን ሙስሊሞችን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ትኬት ስንቆርጥ የምንመርጠው የሙስሊም ምግብ በተሳፋሪው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሃይማኖታችንን ያልጠየቀን ሁሉ በዚያ ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ.) ከካናዳ ጋር ሊደረግ የነበረውን የተሳፋሪ መዝገብ ስምምነት በረቂቁ መልክ ሊጸድቅ አይችልም ያለው፣ እንዲህ ያለው መዝገብ የአመጋገብ ልማድንና ጤናን ሊገልጥ፣ ሃይማኖትንም ሊያጋልጥ ስለሚችል ጭምር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ደንበኛ መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅ፣ የተያዘበትን የማየት፣ ስሕተቱን የማሳረም፣ የማሰረዝና የመቃወም መብት አለው። ሃይማኖትና ጤናም ልዩ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ውስጥ ናቸው። ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? አውቀንስ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ሕጉ መልካም ነው። ለሙስሊም ግን ከሕጉ በፊት አማና አለ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው እንድናደርስ አዟል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰው ነገር ተናግሮ ዞር ዞር ብሎ ከተመለከተ ንግግሩ አማና መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። «አትንገር» ሳይል መዞሩ ብቻ በቂ ሆኗል! ታዲያ ፓስፖርቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ የሚሰጥ ሽማግሌ ከዚህ የበለጠ ምን ይበል? አነስ ኢብን ማሊክም (ረ.ዐ.) ገና ልጅ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልከዋቸው ወደ ቤት ዘገዩ። እናታቸው ለምን ጉዳይ እንደተላኩ ቢጠይቋቸው ምስጢር ነው አሉ፤ እናትየውም ልጃቸውን በዚሁ አበረታቱ። አንድ ልጅ ለገዛ እናቱ ያልገለጠውን፣ የእኛ ወኪሎች በመቶዎች ፊት ይለጥፉታል።

እናንተ የሐጅና የዑምራ ጉዞ የምታዘጋጁ ወንድሞች፣ ሥራችሁ የአላህን እንግዶች ማገልገል ነው። ለቪዛና ለትኬት የሚያስፈልገውን ብቻ ጠይቁ። የሰበሰባችሁትን ሊያየው የሚገባው ሠራተኛ ብቻ ይየው። ጉዞው ሲጠናቀቅ፣ ሕግ እንድታቆዩት ካላስገደዳችሁ በቀር አጥፉት። ስሕተት ከተፈጠረም ለተጓዡ ያኑ ዕለት ንገሩት፤ ለአጎቴ አንድ ቀን ቀድሞ ተነግሮት ቢሆን በጎቹ ባልተሸጡ ነበር።

ተጓዦች ሆይ፣ «ይህን ለምን ትፈልጉታላችሁ? ማንስ ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በስልክ ተጨማሪ ክፍያ ሲጠየቁ ስልኩን ዘግቶ፣ ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር ደውሎ ማጣራት ይገባል። «ዱዓ አድርጉልኝ» ብለን የትኬታችንን ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፉም ይቅርብን። በላዩ ላይ ያለችውን ስድስት ፊደልና ቁጥር ከስማችን ጋር ያገኘ ሰው በብዙ አየር መንገዶች መዝገባችንን ይከፍታል። ዱዓ ያለ ትኬት ፎቶም ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ግን የምናገረው ለእናንተ፣ እንደ እኔ ከተማ ተቀምጣችሁ ለገጠር እናትና አባታችሁ ቅጽ ለምትሞሉ ነው። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት አንብባችሁ ንገሯቸው፤ አስፈቅዷቸው። አልፈልግም ካሉም ተመለሱ። ፊደል አለመቁጠራቸው መብታቸውን አያስቀርባቸውም። የእኛ መማርም በገመናቸው ላይ አያሾመንም።

ዑለማዎቻችን እንደሚያስተምሩን የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ተውበቱ የሚሟላው ሐቁን ሲመልስ ወይም ባለቤቱ ይቅር ሲለው ነው። አጎቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዑምራውን አድርጎ በሰላም ተመልሷል። የሦስቱን በጎች ዋጋ ዘመሮ ድረስ ሄጄ ከፈልኩት። ፎቶውን ግን ከየስልኩ ለቅሜ ልመልስለት አልቻልኩም፤ የት የት እንዳለ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዐፍው በለኝ» አልኩት። እሱም «በሐረም ሳለሁ ብዬሃለሁ፤ የሌላውን ሰው ግን ተጠንቀቅ» አለኝ። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ቃል ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ ነውራችንን በዱንያም በአኺራም ይሸፍንልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።