ክርስቶስ ሠምራ እና የሴት ቃል

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቡልጋዋ ክርስቶስ ሠምራ ገድሏን በራሷ አንደበት ያስጻፈች ሴት ናት። ብዕሩን የያዘው መነኩሴ ቢሆንም ትረካው በአብዛኛው «እኔ» እያለ ይሄዳል፤ ይህም በግዕዝ ገድላት ዘንድ ብርቅ ነው። የግዕዙን ጽሑፍ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል።

ታሪኩ የሚነሣው ከጥፋት ነው። ባለጠጋ እመቤት ሳለች ተቆጥታ በአገልጋይዋ ጉሮሮ እሳት ከትታ ገደለቻት፤ አጥብቃ ስትጸልይ አገልጋይዋ ተነሣች። ከዚያ ቤቷን ትታ ደብረ ሊባኖስ መነኮሰች፤ በኋላም ወደ ጣና ሐይቅ ተሻገረች። የሌላዋን አፍ በእሳት የዘጋች ሴት ቀሪ ዘመኗን ስለ ሌሎች በመለመን ማሳለፏ የገድሉ ጥልቅ ሐሳብ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው አንዱ ልመናዋ ነው። የአዳም ልጆች ከሥቃይ እንዲያርፉ፣ ክርስቶስ ከሰይጣን ጋር እንዲታረቅ ጠየቀች። እርሱም ፈቀደላት። ሰይጣን ግን ዕርቁን ንቆ ወደ ሲኦል ጎተታት፤ ቅዱስ ሚካኤል አወጣት፤ ብዙ ነፍሳትም አብረዋት ወጡ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ሴቶች በማኅበር ዝም እንዲሉ ጽፏል፤ ክህነትም የወንዶች ነው። ገድሉ ይህን ሥርዓት አይሞግትም። የሴትን ቃል ወደ አማላጅነት ይወስደዋል፤ በዚያም ክርስቲያኖች ለመጠየቅ የማይደፍሩትን ምሕረት በድፍረት ያስጠይቃታል።