የጉርጥ ላብ

መጻፍ የሚፈልጉ ወጣቶች አንድ የማይለቃቸው ጥያቄ አለ፤ «ሐሳቡ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ሲመጣብኝ የአንድ ፊልም አዘጋጅ ግለ ታሪክ እንዲያነቡ እመክር ነበር፤ ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ የጻፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝኛ የታተመውን መጽሐፍ።

ዘዴ የሚፈልግ ዘዴ ያገኝበታል። ኩሮሳዋ ረዳት አዘጋጅ ሳለ ሥራው ፋታ ባይሰጠውም፣ በቀን አንዲት ገጽ ብቻ ቢጻፍ በዓመት 365 ገጽ ይሆናል ብሎ አስልቷል። (ስሌቷን ያልወደደ ተማሪ አልነበረም፤ የሠራባት ግን አላየሁም።) እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነው። የመጽሐፉ የጃፓንኛ ርዕስ የመጣው ከጉርጥ ነው። በተረቱ ጉርጡ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይከተታል። የራሱን አስቀያሚ መልክ በየአቅጣጫው ሲያይ ደንግጦ ያልበዋል። ያ ላብ ነው እንግዲህ ለቁስል መድኃኒት የሚሆነው!

በ1923 ቶኪዮን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወድማት ኩሮሳዋ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሄይጎ እጁን ይዞ ፍርስራሹን ሊያሳየው ወሰደው። ሬሳ በየመንገዱ፣ ሬሳ በወንዙ ላይ። ልጁ ፊቱን ሊያዞር ሲል ወንድሙ «ደህና አድርገህ እይ» አለው። ዓይኑን የጨፈነ ነው የሚፈራው፤ ትክ ብሎ ያየ ምንም አይፈራም፣ ነበር ትምህርቱ። ልጁም ያን ሌሊት ቅዠት ሳያይ ተኛ።

ይህን ሳጫውተው አንድ ወዳጄ ተቆጣ። «ታዲያ በሰው ሬሳ ዓይን ማሟሸት ነው ፈጠራ የምትለው? ይሄማ ነግዶ ማትረፍ ነው» አለኝ። ቀላል ክስ አይደለም። ካሜራ አንግቶ ሰው ወደ ሞተበት የሚሮጥ ሁሉ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ለኔ መልሱ ያለው ከሬሳው ሳይሆን ከውኃ ጉድጓዱ ዘንድ ነው። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ኮሪያውያን ጉድጓድ እየመረዙ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ በዚያም ሰበብ ብዙ ኮሪያውያን ተገደሉ። በኩሮሳዋ ሰፈርም ከአንድ ጉድጓድ እንዳይጠጣ ተከለከለ። ለምን? ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ እንግዳ ምልክት አለ፣ የመራዦቹ ምስጢር ነው ተባለ። ልጁ ሄዶ ቢያየው ራሱ የሞነጫጨረው ነው! ሬሳ ማየት የዓይን ጥንካሬ ነው እንበል። ትልልቅ ሰዎች፣ ጎረቤቶችህ፣ የአንተን ጭረት አንብበው ሰው ለመግደል ሲዘጋጁ ማየት ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ተመልካቹም ሥዕሉ ውስጥ አለ።

ከ27 ዓመት በኋላ ይኸው ሰው «ራሾሞን»ን ሠራ፤ አንድን ግድያ እያንዳንዱ ለራሱ እንዲያምር አድርጎ የሚተርክበትን ፊልም። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ሦስት ረዳቶቹ መጥተው ታሪኩ አልገባንም አሉት። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ሳያሳምር አይሆንለትም፣ ሲል አስረዳቸው። ሁለቱ ገባቸው፤ አንደኛው ተቆጥቶ ሄደ።

ግለ ታሪኩም የሚቆመው እዚያው «ራሾሞን» ላይ ነው። እኔም ከፊልሙ ሰዎች የተለየሁ አይደለሁምና ከዚህ በላይ ስለ ራሴ መጻፍ አልችልም ዓይነት ነገር ብሎ ብዕሩን ያኖራል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ እሱም ዓይኑን ጨፈነ» አለ። እኔ እንኳ በከፊል እስማማለሁ። ወንድሙ ሄይጎ በ1933 ሕይወቱን በራሱ እጅ ማጥፋቱን ሳይሸሽ ጽፎታል። እሱ ራሱ በ1971፣ ፊልሙ ከከሰረበት በኋላ፣ ያንኑ ሞክሮ መትረፉን ግን መጽሐፉ አይነካውም። ከዚያ ተነሥቶ፣ ሩቅ ሳይቤሪያ ሄዶ፣ በ1975 «ደርሱ ኡዛላ»ን ለሕዝብ አበቃ፤ የአንድ ሽማግሌ አዳኝ ታሪክ ነው፣ ዓይኑ እየደከመ የሄደ አዳኝ።