ሞተሩ ሳይሞቅ እዩት

ልጆቼ፣ አሮጌ መኪና መንዳት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ በደንብ ከተያዘች ዛሬም ደብረ ብርሃን ደርሳ ትመለሳለች። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ጠዋት ተነሥታ ወዲያው የምትጠፋ መኪና ይዛችሁ ጋራዥ ትሄዳላችሁ፤ ካንዴላ ይቀየራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል፣ ገንዘባችሁ ያልቃል፣ በማግሥቱም ያው ትጠፋለች። ጋራዥ እስክትደርሱ ሞተሩ ስለሚሞቅ መካኒኩ የሚያየው ደህና መኪና ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚጀመረው በራችሁ ላይ፣ ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ሞተር ነው።

አስቀድማችሁ ይህን ያዙ። ቤንዚን በቀዝቃዛ ብረት ላይ በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ በአየር ማስገቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ከወትሮው የበዛ ነዳጅ፣ ሚኒሞውን፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ የሚያደርግለትም ተጨማሪ አየር ይፈልጋል። በካርቡሬተር ዘመን ቾክ ስበን እንረዳው ነበር። በኢንጀክሽን መኪና ግን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ እሱም የሞተሩን ብርድ የሚያውቀው በአንዲት የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው።

እንግዲህ ጠዋት አስነሡና እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው አንሥታችሁ አዳምጡ። ደህና ሞተር በብርድ ጊዜ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይጀምርና እየሞቀ ሲሄድ ይወርዳል። የእናንተው ወርዶ ሊጠፋ ሲል በስሱ ርገጡት። ቀና ብሎ ከቆመላችሁ ያነሰው አየር ነው። ስትረግጡት ጭራሽ የሚያስልና የሚታነቅ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል። በማርሚታው ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ከወጣ ደግሞ በዝቶበታል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሊኖር ይችላል። ያያችሁትን በወረቀት ጻፉት፤ ለመካኒኩ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

አየር አንሶት ከሆነ የአየር መግቢያው በር ትሮትሉና ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ በጥላሸት ተይዘው ሊሆን ይችላል። በካርቦን ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳሉ፤ ብዙ ጊዜ መለዋወጫ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አትፍቀዱ፦ የትሮትሉን ቡሎን አዙሮ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግላችሁን አቁሙት። ጠዋት የዳነ ይመስላል፤ ቀን ሲሞቅ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ እውነተኛው ችግርም ተሸፍኖ ይቀራል።

ነዳጅ ካነሰው ከፓምፑ በፊት ሴንሰሯን እዩ። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ሁለት የሙቀት ሴንሰሮች አሉ። ባለ አንድ ሽቦው ለዳሽቦርዱ ጌጅ ብቻ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ባለ ሁለት ሽቦው ነው። ስንቱ ሰው መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዶ የጌጁን ገዝቶ አስቀይሯል! የባለ ሁለት ሽቦውን ሶኬት ንቀሉና ሴንሰሩን በቴስተር ለኩት፤ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ግድም ማሳየት አለበት። ጠዋት ሞተሩ በረዶ መስሎ ሳለ ጥቂት መቶ ኦም ብቻ ካሳየ፣ ኮምፒውተሩን «ሞቄያለሁ» እያለ እያታለለው ነው። በሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለም መጀመሪያ እሱን አጽዱ።

በእነዚህ ቶዮታዎች ኮፈን ሥር ክዳን ያላት ትንሽ የምርመራ ሳጥን አለች። ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ክፈቱ፤ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ እያለ ኮዱን ይቆጥርላችኋል። ሁለት ጊዜ፣ ጥቂት አርፎ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካለ 22 ነው፤ ይህም የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሽቦው ሲበጠስ ኮምፒውተሩ ውሃው 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይነሣል፤ እንግዲህ በታኅሣሥ ብርድ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚሰጠው አስቡት። ቀዳዳዎቹን ግን እንዳታምታቱ። ኮድ አልወጣም ማለትም ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሳይበጠስ የተሳሳተ ልክ የሚሰጥ ሴንሰር ኮድ አያወጣም። ለዚህ ነው መለካት ያለባችሁ።

ሴንሰሩ ደህና ከሆነ ከትሮትሉ በኋላ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች በእጃችሁ እያጠፋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ነዳጅ ፊልትሮና ፓምፕ የምትነጋገሩት።

እስክታሠሩት ድረስ ሞተሩ ሳይረጋ ቁልቁለት አትግቡ፤ ሲጠፋባችሁ ፍሬኑም መሪውም ይደድራል። በዝግ ቤት ውስጥም አታሙቁት፤ ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል።

ስለ ቴርሞስታት ደግሞ አጥብቄ ልንገራችሁ። «ሙቀት ያመጣል» ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ያለ እሱ ውሃው ገና ሳይሞቅ በራዲያተሩ ይዞራል፤ ሞተሩ ጠዋቱን ሙሉ በብርድ ይቆያል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ማብዛቱን አያቆምም፣ ካንዴላውም ትሮትሉም ይጠቁራል። መኪናችሁ ከቤት ወጥታ የመጀመሪያው አደባባይ ላይ የምትጠፋ ከሆነ ቴርሞስታቱ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ለሞተራችሁ የተሠራውን፣ ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ የተጻፈበትን፣ አስገቡለት። በቧንቧ ውሃ ፋንታም ኩላንት ሙሉ፤ ሴንሰሩንም ቴርሞስታቱንም የሚበላቸው ዝገቱ ነው። ከዚያ ሌሊቱን አሳድሩትና በማግሥቱ ጠዋት እንደገና አዳምጡት።